ስለ ተተወ የምድር ባቡር ጐዳናና ስለ ብስክሌት መንገደኛ

መንገድ በብዙ ድካምና በብዙ ገንዘብ ይሠራል፤ የተተወ እንደ ሆነ ግን በጥቂት ዘመን ቍጥቋጦ ይውጠዋል፤ ድንበርተኛውም ከሁለት ወገን እየገፋ ያርሰዋል። ይህ ዕጣ ከሁሉ ይልቅ የሚደርሰው ባቡሩ በቆመበት የምድር ባቡር ጐዳና ላይ ነው። ሐዲዱ ከተነሣ በኋላ የቀረውን ጐዳና ብዙ ሰው እንደማይረባ ነገር ያየዋል። እኛ ግን ጐዳናው ለገበሬ አገር የተሰወረ ሀብት ነው እንላለን፤ ሀብቱም የሚገኘው ባለ መሬቱ አስቀድሞ ተጠይቆ ፈቃዱን የሰጠ እንደ ሆነ ነው። ለአገር ገዥዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና መሬት ለያዙ ሁሉ ይህን ለማስረዳት ጽፈናል። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በአውሮፓ አገሮች ከሥራ ባረፉበት ቀን ልብሳቸውን በብስክሌት ጭነው ከመንደር ወደ መንደር የሚጓዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነዚህ መንገደኞች እሽቅድምድም አይሹም፤ የሚሹት ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያው፣ ልጆቻቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ያለ ፍርሃት ይሄዱ ዘንድ አውቶሞቢል የማይገባበት መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ ጕልበት የማይጨርስ ዳገት ነው። ሦስተኛው፣ ለዓይን የማይሰለች አገር ነው፤ ሜዳ ብቻ የሆነ ይሰለቻልና፣ ተራራ ብቻ የሆነም ያደክማልና፣ ጕብታና ረባዳ እየተፈራረቀ እርሻና መስክ የሚታይበትን አገር ይመርጣሉ።

የምድር ባቡር ጐዳና ሦስቱንም ያሟላል። ባቡር ከባድ ሸክም ስለሚስብ ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ጕብታውን ቈርጠው፣ ረባዳውን በአፈር ሞልተው፣ በወንዙም ላይ ድልድይ ጥለው፣ ብዙ ጊዜ በመቶ ሜትር ርቀት ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ዳገት ብቻ አስቀሩ። ለእንፋሎት ባቡር የተደከመው ድካም ዛሬ የብስክሌተኛውን ጕልበት ያድናል።

ይህ ለገበሬው ምን ይረባዋል ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። በአውቶሞቢል የሚሄድ ሰው አንዱን መንደር በሁለት ደቂቃ አልፎት ይሄዳል፤ ገንዘቡንም በከተማ ያፈስሳል። በብስክሌት የሚሄድ ግን ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል፤ ዝናብ ሲመጣም መጠለያ ይፈልጋል፣ ሲመሽም ያድራል። ስለዚህ ወተትና ዳቦ፣ እንቍላልና ማር፣ አልጋና እራት በመንገዱ ዳር ያለ ገበሬ ሊሸጥለት የሚችለው ነገር ነው። ለዚህ ትልቅ ሆቴል መሥራት አያስፈልግም፤ ንጹሕ ቤትና ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ዳሩ ግን ጐዳናውን ለመክፈት የሚሄዱበት መንገድ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ውጤቱም ይለያያል። ከብት በማርባትና በአነስተኛ እርሻ የሚኖር ሕዝብ ያላት አየርላንድ ሦስት ልዩ ልዩ መንገድ ስለሄደች ለምሳሌ እርስዋን እንመልከት።

የመጀመሪያው ምሳሌ የዋተርፎርድ ነው። ከዋተርፎርድ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደንጋርቫን የሚሄደው የባቡር መሥመር በ1878 ተከፍቶ፣ በ1967 ሰው ማመላለሱን አቆመ። ሆኖም መሬቱ ተቈራርሶ አልተሸጠም፤ በመንግሥቱ የባቡር ድርጅት እጅ እንዳለ ቆየ። ስለዚህ የአውራጃው ምክር ቤት መንገዱን ለእግረኛና ለብስክሌት ለማዘጋጀት ባሰበ ጊዜ በብዛት የተነጋገረው ከአንድ ባለቤት ጋር ነበር። በ1917 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2017 በመጋቢት ወር 46 ኪሎ ሜትር መንገድ ተከፈተ። መንገደኛው በሹር ወንዝ አጠገብ ተነሥቶ በለምለም መስኮች መካከል ያልፋል፤ በሦስት ረጃጅም ድልድዮች ላይ ይሻገራል፣ 400 ሜትር ያህል የሚሆን ዋሻ ውስጥም ይገባል፣ ባሕሩንም ያያል። በኪልማክቶማስ መንደር አጠገብ ባለው በቀድሞው የድሆች መጠጊያ ግቢ ዛሬ መንገደኛ ቡና ይጠጣበታል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሜዮ ነው። ከዌስትፖርት ወደ አኪል ይሄድ የነበረው ባቡር በ1937 ተዘጋ፤ ከዚያም በኋላ መሬቱ በጐዳናው ዳር ወዳሉ ገበሬዎች እጅ ገባ። ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ጐዳናውን መልሶ ለመክፈት ከመቶ የሚበልጡ ባለ መሬቶችን ማስማማት ግድ ሆነ። የአውራጃው ሰዎች ግን በግድ እንውሰድ አላሉም፤ በየቤቱ እየሄዱ ለመኑ። ስምምነቱም እንዲህ ነበር፤ መሬቱ የባለ መሬቱ እንደ ሆነ ይቀራል፤ እርሱ የሚሰጠው የማለፊያ ፈቃድ ብቻ ነው፤ አጥሩንና በሩን፣ የመንገዱንም ጥገና ምክር ቤቱ ይችላል። ደግሞ በ1995 የወጣው የአየርላንድ ሕግ፣ ለመዝናናት በገባ ሰው ላይ ጉዳት ቢደርስ ባለ መሬቱ የሚጠየቅበትን ኀላፊነት ስላቀለለው፣ የገበሬው ፍርሃት ቀነሰ። በ2010 የመጀመሪያው ክፍል፣ በ2011 ደግሞ ጠቅላላው 42 ኪሎ ሜትር ተከፈተ። ከብት ዛሬም በመንገዱ ግራና ቀኝ ይግጣል።

ሦስተኛው ምሳሌ የደቡብ ኬሪ ነው። በዚያ የነበረው ባቡር በ1960 ተዘግቶ፣ መሬቱ እንደ ሜዮ ሁሉ በብዙ ሰዎች እጅ ነበር። በዚህ ስፍራ ግን መሬቱን በሕግ አስገድዶ ለመግዛት ተጠየቀ፤ በ2020ም የፕላን ቦርዱ ፈቀደ። ከባለ መሬቶቹ አንዳንዶቹ ተቃወሙ፤ ነገሩም ከፍርድ ቤት ደረሰ። መንግሥት በሕግ ረታ፤ ነገር ግን የሚያልፍበትን መንደር ልብ ከመርታት በፊት ብዙ ዓመት በክርክር አለፈ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ያለ ነገር ነው። መንገደኛ የሚወደው መንገዱን ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር ያለው ሰው ፈገግ ብሎ ሲቀበለው ነው። የተቈጣ ገበሬ ደግሞ ወተት ሊሸጥለት አይወጣም።

የአየርላንድ መንግሥት ራሱ ከዚህ ተምሮ በ2021 ለእንዲህ ያለ መንገድ ሥራ የአሠራር ደንብ አወጣ። ደንቡ መንገዱ የአንዱን ገበሬ እርሻ ከሁለት እንዳይከፍል በተቻለ መጠን እንዲጠነቀቁ፣ ከባለ መሬቱም ጋር አስቀድመው እንዲነጋገሩ ያዛል፤ በፈቃዱ ለተስማማም ከመሬቱ ዋጋ በላይ የተለየ ክፍያ ያስገኛል።

የገበሬው ፍርሃት ከንቱ አለመሆኑን ሹም ሁሉ ሊያውቅ ይገባል። በርን ከፍቶ የሚተው መንገደኛ ከብቱን ያስጠፋበታል፤ ውሻ ይዞ የሚመጣ በጎቹን ያስበረግግበታል። መሬቱ በመንገዱ ማዶና ማዶ የሆነበትም ላሞቹን በቀን ሁለት ጊዜ ማሻገር አለበት። ይህን ሁሉ ሰምቶ በር፣ መሻገሪያና አጥር አስቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው መንገድ አበጃለሁ ባይል ይሻለዋል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከሰበታ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመረቀ፤ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ የሚያልፈው የአሮጌው መሥመር ክፍል ግን አገልግሎቱን ካቋረጠ ዓመታት አልፈዋል። በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ ያለው ጥቍር የዋልካ መሬት በክረምት ሰውንም አህያንም እንደሚይዝ የዚያ አገር ሰው ያውቃል፤ የባቡሩ ጐዳና ግን በድንጋይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠቀምበት ከሩቅ የመጣ ብስክሌተኛ ሳይሆን፣ ወደ ገበያ የሚሄድ እግረኛ፣ አህያ ጫኝና ተማሪ ይሆናል፤ እንግዳው በኋላ ይመጣል። ባቡሩ አንድ ቀን ይመለስ ቢባል እንኳ፣ ሳይቈራረስ የቆየ ጐዳና ለባቡሩም ይጠቅማል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጐዳና በግዛቱ የሚያልፍበት ሹም አራት ነገር ያደርግ ዘንድ እንመክራለን። አንደኛ፣ ጐዳናውን ከነድልድዩ አስለክቶ በመዝገብ ያግባ፤ ተቈራርሶ ከተሰጠ በኋላ መሰብሰብ ብዙ ያደክማልና። ሁለተኛ፣ ካርታ ሳይነሣና ገንዘብ ሳይመደብ አስቀድሞ በጐዳናው ዳር ያሉትን ባለ ይዞታዎች በየመንደሩ ሰብስቦ ይስማቸው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ለሚለቅ ካሣ እንዲከፈል በ2019 የወጣው 1161 ቍጥር አዋጅ ያዛል፤ ነገር ግን ካሣ ፈቃድን አይተካም። ሦስተኛ፣ የከብት መሻገሪያውንና በሩን ከመንገዱ ጋር አብሮ ያሠራ። አራተኛ፣ ክረምት ሳይገባ የውሃ መውረጃውን የሚጠርግ ሰው ከዚያው መንደር ይቅጠር፤ ጠባቂ የሌለው መንገድ በሦስት ክረምት ፈርሶ ይቀራልና።

የሞተ ባቡር ጐዳና ለማንም እንዳልሆነ ተቈጥሮ ሲቀር ያሳዝናል፤ ከድሀ ገበሬ በግድ ተነጥቆ ሲከፈት ደግሞ ያሳፍራል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ እርሱም በጊዜው መመዝገብና በትሕትና መጠየቅ ነው። ሹም ጐዳናውን ዛሬ ይጠብቅ፤ ባለ መሬቱም የሚያልፈውን መንገደኛ እንደ እንግዳ እንጂ እንደ ወራሪ የማያይበትን ስምምነት ይሥራ። ያን ጊዜ መንገዱ ለአላፊውም ለነዋሪውም በረከት ይሆናል።