ተከላካዩ ቢሊ ማክኒል

ስኮትላንድ ከእንግሊዝ አገር በስተሰሜን ያለ አገር ነው። በዚያ ግላስጎ የሚባል ትልቅ ከተማ አለ። ሴልቲክ የሚባለው የኳስ ቡድን የዚህ ከተማ ነው። ዛሬ የምናነበው የዚህ ቡድን ተከላካይ ስለነበረው ስለ ቢሊ ማክኒል ነው። ዓመቶቹ የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ተከላካይ ማለት ምን ማለት ነው? ከበረኛው ፊት ቆሞ ጎል እንዳይገባ የሚከለክል ተጫዋች ነው። ማማ ላይ እንደሚቆም እህል ጠባቂ ቁጠሩት። ጠባቂው ካንቀላፋ ዝንጀሮ ማሳ ይገባል። ተከላካዩም ከዘነጋ ኳስ ጎል ይገባል።

ቢሊ በ1940 ተወለደ። በ1957 ሴልቲክ ገባ። ቁመተ ረዥም ነበር። ከላይ የመጣውን ኳስ ዘሎ በግንባሩ ይመልሳል። ይህን የኳስ ሰዎች ቴስታ ይሉታል። በ1965 ሴልቲክ ዳንፈርምሊንን 3 ለ 2 አሸንፎ የስኮትላንድን ዋንጫ ሲወስድ፣ ሦስተኛውን ጎል በቴስታ ያገባው እሱ ነው።

በ1967 ሴልቲክ በፖርቱጋል ከተማ በሊዝበን ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 አሸነፈ። የአውሮፓን ዋንጫ በመውሰድ ከብሪታንያ ቡድኖች የመጀመሪያው ሆነ። ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ቢሊ ነበር። ተጫዋቾቹ ከሩቅ አገር የመጡ አልነበሩም። ሁሉም ከሜዳቸው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ የተወለዱ ያገር ልጆች ነበሩ።

ቢሊ ለሴልቲክ 790 ጊዜ ተጫወተ። በ1975 መጫወት አቆመ። ታዲያ በእርጅናው የመርሳት በሽታ ያዘው። ቤተሰቡ ይህን በ2017 ለሕዝብ ተናገረ። በ2019 በ79 ዓመቱ ሞተ።

በዚያው ዓመት የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የ7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው ውጤቱን አወጡ። ተጫዋቾቹ አንጎልን በሚያደክም በሽታ የሞቱት ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። በ2021 ደግሞ በሽታው ከሁሉ የባሰው በተከላካዮች ላይ መሆኑን አገኙ። በረኞች ግን ከሌላው ሰው እምብዛም አልተለዩም። በረኛ ኳስ የሚይዘው በእጁ ነዋ! የአንድ ሰው በሽታ ከየት እንደመጣ ከዚህ ቁጥር አይታወቅም። የብዙ ሰው ቁጥር ግን ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ በ2020 የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ጊዜ ቴስታ እንዳይመቱ ከለከለ። ጨዋታው ግን አልቀረም። ኳስ በእግርም ይጫወቱታል እኮ።

ጥያቄ፦
1. የተከላካይ ሥራ ምንድን ነው?
2. ልጆቹ ቴስታ እንዳይመቱ የተከለከሉት ለምንድን ነው?
ካነበባችሁ በኋላ ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።