«አንድም» የማይል ሞዴል

በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ በመርጡለ ማርያም ጣሪያ አልባ የድንጋይ ፍርስራሽ አለ። ትውፊት የቦታውን ጅማሬ ከአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አሳነጹበት፤ የግራኝ አሕመድ ጦር አጠፋው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እዚያው ላይ ዳግም ገነቡ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1847 እ.ኤ.አ. ስለ ቦታው ሲያሳትም የገለጸው ፍርስራሹን ነበር።

ዛሬ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ግድግዳውን እየዞረ ጥቂት መቶ ፎቶ ቢያነሳ ስሪዲ ሞዴል ይወጣለታል። አበባ የተቀረጸበት ድንጋይ ከነጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሣር የሸፈነው የግንቡ ሥርና ካሜራ ያልደረሰበት አናቱ ግን ቀዳዳ ሆነው ይቀራሉ። ፕሮግራሙ ቀዳዳውን ከአጠገቡ በወሰደው ቀለም ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ተመልካች የተለካውን ከተደፈነው አይለይም። ጣሪያም ይጨመርበት ከተባለ የማን ጣሪያ? የእሌኒ ወይስ የኢየሱሳውያን?

ላሊበላ ላይ ችግሩ ቀላል ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ሲለካ ቋጥኙ ፊት ለፊቱ ነበር።

አክሱም ግን ለመርጡለ ማርያም ይቀርባል። በ1906 እ.ኤ.አ. የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን አርክቴክት ዳንኤል ክሬንከር የጥንታዊ ቤተ መንግሥቶችን መሠረት ለካ፤ ከመሠረቱ በላይ ያለውን ፎቅና ማማ ግን አመዛዝኖ ሣለ። ልኬቱና ግምቱ በ1913 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራ በየራሳቸው ሥዕል ወጡ። ከቤተ መንግሥቶቹ አንዱ የሆነው የተዓካ ማርያም ቅሪት በጣሊያን ወረራ ጊዜ በመንገድ ሥራ ክፉኛ ሲጎዳ ተመራማሪ የሚመለስበት የክሬንከር ልኬት ተረፈ። ማማዎቹን የሚጠራጠር ሰው መሠረቱን መጣል አያስፈልገውም።

የ2006 እ.ኤ.አ. የለንደን ቻርተርና የ2011 እ.ኤ.አ. የሴቪል መርሆዎች ከስሪዲ ሠሪ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ምኑ ተለካ፣ ምኑ ከምን ተነሥቶ ተገመተ፣ ማን ወሰነ። ጉዳዩ ለጎጃም ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላውን ፍቺ ያስከትላል፤ ተማሪውም የትኛው ንባብ፣ የትኛው ትርጓሜ እንደሆነ አይጠፋውም። የኮምፒዩተር ሞዴል ግን ጉባኤ እንዳልዋለ ሰው አንዱን መልክ ብቻ ያሳያል።

ስለዚህ የመርጡለ ማርያም ሞዴል ሲሠራ የተለካው ግንብ በአንድ ቀለም፣ የተገመተው በሌላ ይሁን፤ ፕሮግራሙ የሚደፍነው ቀዳዳም ክፍት ይተው። ጥሬ ፎቶዎቹ ከነቀናቸው አብረው ይቀመጡ። የእሌኒ ይሁን የኢየሱሳውያን ያልለየለት ድንጋይ ሲነካም ሁለቱ ስሞች ይምጡ፣ በመካከላቸው «አንድም» ተጽፎ።