የግመለኛው ስም

ዛሬ ወደ ሩቅ አገር በረሃ እንሄዳለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ማለታችን ነው። በካናዳና በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል ግን ክረምት በረዶ ነው። ስለዚህ ጡረታ የወጡ ብዙ አዛውንቶች ቤታቸውን ቆልፈው ወደ ሞቃቱ ደቡብ ይወርዳሉ። ከብት ይዞ ቆላ እንደሚወርድ ሰው ማለት ነው። እነሱ ግን የሚነዱት ከብት አይደለም፤ መኝታና ምድጃ ያለው መኪና ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። በመንገድ ከሚያርፉባቸው ከተሞች አንዷ በአሪዞና ግዛት በረሃ ያለችው ኳርትዝሳይት ናት። በ2020 ነዋሪዋ ሲቆጠር 2,400 ያህል ነበር። በብርዱ ወራት ግን መጥቶ የሚሄደው እንግዳ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በጋው ሲገባ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ መንገደኛው ውሃውን ሞልቶ በጊዜ ይነሣል።

በከተማዋ መካነ መቃብር አንድ የድንጋይ ሐውልት አለ። በአናቱ ላይ የግመል ምስል ቆሟል። አሜሪካ እኮ የግመል አገር አይደለችም! ታዲያ ይህ ከየት መጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1856 የአሜሪካ ጦር በረሃ ለበረሃ ዕቃ የሚጭንባቸው ግመሎች በመርከብ አስመጣ። ግመል መጫንና መንዳት የሚያውቅ ወታደር ግን አልነበረውም። ስለዚህ ግመለኞችም አብረው መጡ። ከነሱ አንዱ ሐጂ ዓሊ ይባል ነበር።

በ1857 ወደ ካሊፎርኒያ የሚወስድ መንገድ ሊቀይስ የተላከው ቡድን ግመሎቹን ይዞ በረሃውን ተሻገረ። ግመሎቹ ጭነቱንም ጥሙንም ቻሉ። በ1861 ግን የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና ሥራው ቀረ። ከግመሎቹ ብዙዎቹ ተሸጡ፤ በረሃ የተለቀቁም ነበሩ። ሐጂ ዓሊ እዚያው አገር ኖሮ በ1902 ኳርትዝሳይት ውስጥ ሞተ። ሐውልቱን በ1935 ያቆመለት የአሪዞና የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው።

አሜሪካኖቹ «ሐጂ ዓሊ» ማለት አልመቻቸውም። «ሃይ ጆሊ» አሉት። መቃብሩ ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ክብር አላጣም፤ ሐውልት ቆሞለታል። ነገር ግን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ የሚያነበው ሌሎች እንደ አፋቸው ያበጁትን ስም ነው።

እናንተም ስማችሁ በግብር ደረሰኝ፣ በጤና ጣቢያ ካርድና በልጃችሁ የትምህርት ወረቀት ላይ ይጻፋል። «ከበደ» «ከበዱ» ተብሎ ቢጻፍ ሰውየው ሌላ ይሆናል፤ ኋላም ክርክር ያመጣል። ስለዚህ ወረቀቱን ሳትቀበሉ አንብቡት። ስሕተት ካለ «የለም፣ እንዲህ ይጻፍልኝ» በሉ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው።

መልመጃ፦
1. ግመሎቹ አሜሪካ የገቡት ለምንድን ነው?
2. ስማችሁን ከነአባታችሁ ጻፉ። ቤታችሁ ያለውን አንድ ወረቀት አውጥታችሁ አስተያዩት። ልክ ነው?