አጃቢ መሆን ውርደት ነው?

በየዓመቱ ለመመረቂያ ተውኔት ሚና ሲደለደል የምንሰማው ጭቅጭቅ አንድ ነው፦ «እኔ አጃቢ ሆኜ አልሠራም!» በእኔ አስተያየት ይህ አጉል ኩራት ነው።

ምስክሬ አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ናት። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አይሪሽ ሲሆኑ ያደገችው አየርላንድ፣ ሊመሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ወርልድ ዋር ዚ» ላይ በትንሽ ሚና ታየች። በዚያው ዓመት በጀመረው «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ተከታታይ ድራማም ሬይናን ሆና አጃቢ ነበረች። በ2016 «ላቪንግ» በተባለው ፊልም በመሪነት ተጫውታ ለኦስካር ታጨች። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ! ከዚያ በኋላም «አጃቢነት ይብቃኝ» አላለችም። በ2021ዱ «ፓሲንግ» ታሪኩ የሚታየው በሌላዋ ሴት ዓይን ነው፤ ሩት ነጭ መስላ የምትኖረውን ጥቁር ሴት ሆና በሁለተኛነት ሠራች። ግን ያቺ ሴት ባትኖር የመሪዋ ፍርሃትና ቅናት ከየት ይመጣ ነበር? በ2025ም ለኤሚ የታጨችው «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ላይ በአጃቢነት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እኔ በምኖርበት በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ነግሠዋል። ቀቢ ጳጳስ፣ አመስጋኝ ካህን፣ እልል የሚል ሕዝብ ባይኖር ያ ቀን ንግሥ ይባል ነበር? መድረክም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ሁለት መስመር ብቻ ቢደርሳችሁ ንቃችሁ አትመልሱ፤ የአብዛኛው ተዋናይ እንጀራ ያለው እዚያ ነው። መምህሮቻችንም ውጤት ስትሰጡ የንግግሩን ብዛት ሳይሆን የትወናውን ጥራት መዝኑልን።