ከጉልላቱ ይልቅ መሠረቱ

የቶኪዮን ማዕከላዊ የባቡር ጣቢያ ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው ዐይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በሁለቱ ጉልላቶች ላይ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን አድናቆት የሚገባው ዐይን የማያየው የሕንፃው ክፍል ነው።

በማሩኖቺ በኩል የሚገኘው ይህ ባለ ቀይ ጡብ ሕንፃ በታትሱኖ ኪንጎ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1914 አገልግሎት ጀመረ። ርዝመቱ 335 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጡቡ ውስጥ የብረት አጥንት አለው። በ1923 ቶኪዮን ያወደመውን የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙም ሳይጎዳ ተሻገረ። ያልተሻገረው ጦርነቱን ነው፤ በግንቦት 1945 ከአየር በተጣለ ቦምብ ጉልላቶቹና ሦስተኛው ፎቅ ተቃጠሉ። በ1947 ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ፣ በጉልላቶቹ ፈንታ ማዕዘን ያለው ጣሪያ ተደርጎለት ተጠገነ።

ከ2007 እስከ 2012 በተካሄደው እድሳት የ1914ቱ መልክ ተመለሰ። እዚህ ላይ ቀላል ስሌት እናድርግ። የመጀመሪያዎቹ ጉልላቶች የቆዩት 30 ዓመት ገደማ ነው፤ «ጊዜያዊ» የተባለው ጣሪያ ግን 60 ዓመት አገልግሏል። ታዲያ የጣቢያው እውነተኛ መልክ የትኛው ነው? የድኅረ ጦርነቱ ጣሪያ ሲነሣ የጦርነቱ ጠባሳም አብሮ መነሣቱ ለእኔ ያለ ኪሳራ የተገኘ ውበት አይደለም።

ስለ መሠረቱ ግን ክርክር የለኝም። ሕንፃው ቀድሞ የቆመው ከ10,000 በላይ በሆኑ የጥድ ግንዶች ላይ ነበር። መሐንዲሶቹ ሕንፃውን ሳያፈርሱ በጊዜያዊ ድጋፍ ይዘው ግንዶቹን አስወገዱ፤ ከሥሩ ምድር ቤት ሠርተው በ352 የላስቲክ መደላድሎችና በ158 ባለ ዘይት ንዝረት አብራጆች ላይ አሳረፉት።

የፊዚክስ ተማሪ ምክንያቱን አያጣውም። መደላድሉ ስስ ላስቲክና የብረት ሳህን እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው፤ ስለዚህ ከላይ ለሚጫነው ክብደት ጠንካራ፣ ወደ ጎን ለሚገፋው ኃይል ግን ለስላሳ ይሆናል። ግትር የጡብ ሕንፃ የሚወዛወዝበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ከምድሪቱ ፈጣን ንዝረት ጋር በቀላሉ ይገጥማል፤ ንዝረቱም በሕንፃው ላይ ይበረታል። ላስቲኩ ይህን ጊዜ ያስረዝመዋል። ምድር በፍጥነት ስትናጥ ሕንፃው በዝግታ ይንሸራሸራል። ዋጋው ግን አለ፤ ፍጥንጥነቱ ሲቀንስ የጎን ጉዞው ይጨምራል፤ በሕንፃው ዙሪያም የመንቀሳቀሻ ክፍተት መተው ግድ ነው። ዘይቱ ደግሞ የንቅናቄውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ውዝዋዜውን ያበርዳል።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ወደ 50 ቢሊዮን የን የሚደርሰው ወጪ የተሸፈነው አየር በመሸጥ ነው ቢባል ቀልድ ይመስላል። ጣቢያው በሕግ የተፈቀደለትን ከፍታ ስላልተጠቀመበት፣ ባቡር ኩባንያው ያልተሠራውን የወለል ስፋት መብት በአካባቢው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለሚያቆሙ አስተላለፈ። ዛሬ ጣቢያውን ከበው የቆሙት አንዳንድ ፎቆች ከፍታቸውን በከፊል ያገኙት ከዚሁ አጭር ጎረቤታቸው ነው።