«የፊኛ ነርቭ ያረጋጋል» የማንን ፊኛ?



«ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት የሽንት ፊኛ ነርቭ እንደሚያረጋጋ በጥናት ተረጋግጧል ይላል፤ አልጋ ላይ ለሚሸናው ልጄ ልስጠው?» የሚል ጥያቄ ከነፎቶው በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ጥናቱ በማን ላይ ተሠራ?

ዱሎክሰቲንን እንውሰድ። ለድባቴ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ለድመቶች ሲሰጥ ፊኛቸው የመያዝ አቅሙ 5 እጥፍ፣ ሽንት የሚዘጋው ጡንቻ እንቅስቃሴ ደግሞ 8 እጥፍ ጨመረ። ያስደንቃል! ግን ዝርዝሩን ተመልከቱ። ድመቶቹ በማደንዘዣ የተኙ ናቸው። በቱቦ ወደ ፊኛቸው የሚገባው ፈሳሽም ሆን ተብሎ እንዲቆጠቁጥ የኮምጣጤ አሲድ ተጨምሮበታል። ባልተቆጣ ፊኛ ላይ መድኃኒቱ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ፊኛ ሲቆጣ እኮ በደህናው ጊዜ ዝም የሚሉ ቀጫጭን ነርቮች ይነቃሉ፤ ወደ አከርካሪ የሚሄደው መልእክት ሌላ ይሆናል።

ሰው ላይስ? ሲስሉና ሲስቁ ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች በመጠኑ ረድቷል፤ በማቅለሽለሹ ምክንያት ያቋረጡትም ብዙ ናቸው። አውሮፓ በ2004 ለዚሁ ችግር ፈቀደችው። አሜሪካ ውስጥ ግን አምራቹ ራሱ ማመልከቻውን በ2005 አነሳ።

የእንስሳት ጥናት ከንቱ ነው አላልኩም፤ መድኃኒት የሚፈለግበትን አቅጣጫ ያሳየናል። የምቃወመው የድመት ውጤት ተቆርጦ «ተረጋግጧል» ተብሎ ለልጅ መድኃኒት መሸጫ ሲሆን ነው።

ሌሊት የሚሸና ልጅ ፊኛው በአሲድ የተቆጣ ድመት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፊኛው ሲሞላ ከእንቅልፉ አይነቃም፣ ሌሊት የሚያመርተው ሽንት ይበዛል፣ ወይም ሆዱ ደርቋል። (ድርቀቱን እባካችሁ አትናቁት፤ የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል። ፊኛን ያዝናናሉ ተብለው የሚሰጡት እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ራሳቸው ሆድ ያደርቃሉ!)

ልጁ ከ5 ዓመት በታች ከሆነና ሌላ ሕመም ከሌለው ታገሡት፤ አትቆጡት፣ አትግረፉት። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ትቶት የነበረው እንደገና ከጀመረው፣ ቀን ላይም ካመለጠው ወይም ሲሸና ካመመው መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ይየው፤ ሽንቱም ይመርመር። ውሃ ጥም ከበዛበትና ከከሳ ግን ሳታድሩ በዚያው ቀን የስኳር ምርመራ አስደርጉለት።