ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተያዘለትን ሰው አታስተኙት!



ዛሬ የምጽፈው እንደ ወትሮው ምክር ብቻ አይደለም፤ አቋሜን ነው። ቤታችሁ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶበት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከአንዲት እናት ልጀምር። ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር የተገኘባቸው ናቸው። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ምርመራው ተጠናቀቀ፣ ኦፕራሲዮኑ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ቀጠሮ ተያዘ። ሲወጡ እኔም እንደ ልማዴ "እስከዚያው እረፍት ያድርጉ እማማ" ብዬ ሸኘኋቸው።

በቀጠሯቸው ቀን በዊልቸር እየተገፉ መጡ። ደነገጥኩ። "ምን ሆነው ነው?" አልኩት ልጃቸውን።

"ኧረ ምንም አልሆነችም ዶክተር! እንዳሉን አሳርፈናት ነው እንጂ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ብርጭቆ እንኳ አላስነሳናትም።"

በኩራት ነበር የነገረኝ። እውነቱን ነው፣ በፍቅር ያደረገው ነገር ነው። የታዘዘውንም ነው የፈጸመው። ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ኦፕራሲዮኑ በደህና ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ግን ከአልጋ መነሳት አቃታቸው፣ አክታቸውን ስቦ የማውጣት አቅም አጡ፣ የሳንባ ምች ያዛቸው። ሆስፒታል ውስጥ ካሰብነው በላይ ከረሙ፤ በጊዜው መጀመር የነበረበት ኬሞም ዘገየ። ይህ ሁሉ የመጣው ስለተኙ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ የሳንባ ምች ጠንካራ ሰውንም ይይዛል። ግን በእግራቸው ደረጃ የወጡትን እናት ያደከማቸው ካንሰሩ ብቻ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። የእኔ "እረፍት ያድርጉ" አለበት።

ስለዚህ የዛሬው አቋሜ ይሄ ነው፦ ከምርመራ እስከ ኦፕራሲዮን ያሉት ሳምንታት የመተኛ ጊዜ አይደሉም፣ የመዘጋጃ ጊዜ ናቸው። ሐኪሙ የሚከለክል ምክንያት እስካላገኘ ድረስ እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት መታዘዝ አለበት።

ለምን? እስቲ ላስረዳ።

ትልቅ ቀዶ ሕክምና ለሰውነት ረጅም ዳገት ነው። ታማሚው ተኝቷል፣ እኛ ግን የማናየው ሥራ አለ። ቁስሉ እንዲጠግ፣ ኢንፌክሽን እንዳይገባ ሰውነቱ ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ልብና ሳንባ ያንን ለማድረስ ቀን ከሌት ይሠራሉ። ጡንቻም በዚያ ሰዓት ጉልበት ብቻ አይደለም፣ የፕሮቲን ጎተራ ነው። ሰውነት ቁስሉን የሚጠግንበትን ከዚያ እየዘገነ ይወስዳል። ባዶ ጎተራ ይዞ ኦፕራሲዮን የገባ ሰው ያለ ስንቅ መንገድ እንደወጣ ሰው ነው።

መተኛት ደግሞ ይህን ጎተራ በፍጥነት ያራቁታል። በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ላይ ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ካንሰር የለባቸውም፣ የምግብ ፍላጎታቸውም አልተዘጋም። የኛ እናት ስድስት ሳምንት ተኝተው ምን ያህል እንዳጡ ገምቱ።

ቀድሞ መዘጋጀትስ ይጠቅማል ወይ? በ2023 ውጤቱ የታተመ፣ በኔዘርላንድ ሐኪሞች መሪነት በተለያዩ አገራት የተሠራ ጥናት አለ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ኖሮባቸው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 251 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ4 ሳምንት በባለሙያ እየታገዘ ስፖርት ሠራ፣ ፕሮቲን ያለው ምግብ ተሰጠው፣ ሲጋራ የሚያጨስ እንዲያቆም ተረዳ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍም አገኘ። ሌላው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ከባድ ችግር የገጠማቸው ከተዘጋጁት ውስጥ 17 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካልተዘጋጁት ውስጥ ግን 30 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ሐቁን ሙሉውን ልንገራችሁ። ይህ ውጤት የስፖርት ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ድምር ነው። ሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት ውጤት አላመጣም፤ በ2020 የታተመ የካናዳ ጥናት በጣም የደከሙ አረጋውያን ላይ ከኦፕራሲዮን በፊት መሥራትን ከኦፕራሲዮን በኋላ ከመሥራት ጋር ቢያወዳድር በችግሮች ብዛት ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ "ከተራመዳችሁ ምንም አይነካችሁም" የሚል ተስፋ አልሸጥላችሁም። እንቅስቃሴ ካንሰርን ነቅሎ አያወጣም፣ ኦፕራሲዮኑንም አይተካም። "መጀመሪያ ልጠንክር" ብሎ ቀጠሮ ማሳለፍ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም! እኔ የምለው በጥበቃ የሚያልፈው ጊዜ ላይቀር ነገር፣ ተኝተን አናሳልፈው ነው።

አሁን ቤት ውስጥ ወደሚነሱት ክርክሮች ልምጣ። ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ።

"ከተንቀሳቀሰች በሽታው ይሰራጫል።" በእግር መሄድ ካንሰርን እንደሚያሰራጭ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው አልጋ ላይ አስቀርቷል።

"ደክሟታል እኮ ዶክተር!" ድካም አንዱ ምክንያት ራሱ መተኛቱ ነው። መጠነኛ እንቅስቃሴ የካንሰር ድካምን እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ግን ድካሙ ድንገት ከባሰ የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

"በሽታዋን አልነገርናትም።" ይህ ከሁሉም ይከብደኛል። ቤተሰብ እንዳትደነግጥ ብሎ ይደብቃታል፤ እሷ ግን ለምን እንደምትራመድ ካላወቀች ለምን ትነሳለች? ለምን እንደምትበላስ? ቢያንስ "ከፊትሽ ትልቅ ኦፕራሲዮን አለ፣ ለሱ መጠንከር አለብሽ" በሏት። እናቶቻችን ከምናስበው በላይ ብርቱ ናቸው።

"ሰው ምን ይላል?" አዎ፣ እኛ ጋ ታማሚ አልጋ ላይ ካልተገኘ የታመመ አይመስለንም። በየሰፈሩ ስትራመድ የታየች ሴት "ዳነች እንዴ?" ትባላለች። ይበሏት! እሷ ትራመድ።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፦ "እስከ ኦፕራሲዮኑ ድረስ ምን ያህል መንቀሳቀስ እችላለሁ? የተከለከለብኝስ ምንድን ነው?" ይህን ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ። ከተፈቀደላችሁ፦

✅ በእግር መሄድ፦ ለጀማሪ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ 5 ወይም 10 ደቂቃ ይበቃል። ቀስ እያሉ ጨምረው በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ቢደርሱ በጣም ጥሩ ነው። ልኩን በምን ታውቃላችሁ? እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው ልኩ ነው። ማውራትም ካቃታቸው ቀንሱ። መንገዱ ካልተመቸ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር ግቢ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ያለው እርምጃ ቆጣሪም ለዚህ ይጠቅማል፤ ዛሬ ከትናንት ትንሽ ይብለጥ።

✅ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፦ በእጅ ሳይደገፉ ከተቻለ 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አርፎ እንደገና። የሚደግፋቸው ሰው አጠገባቸው ይቁም። ስግደት የለመዱ እናቶችና አባቶች ይሄ አይከብዳቸውም፤ ጭን የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይ ነው።

✅ ጥልቅ ትንፋሽ፦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ እስከ ሆድ መሳብ፣ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ በአፍ ቀስ ብሎ ማስወጣት። በየጊዜው 10 ያህል። ማሳልንም አሁኑኑ ይለማመዱ፣ ትራስ ሆድ ላይ አቅፎ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ቁስሉ እያመመ መማር ይከብዳል።

✅ ምግብ፦ ያለ ፕሮቲን ስፖርት ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ፤ ከሌለም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። በጾም ወቅት ከሆነ ከሐኪማችሁና ከሃይማኖት አባታችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቶቻችን የሚያደርጉት ርኅራኄ አለ።

✅ ሲጋራ፦ ዛሬ ያቁሙ። አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ማቆም ለሳንባም ለቁስልም ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

⛔ እንቅስቃሴው ቆሞ ሐኪም መታየት ያለበት፦ የደረት ሕመም፣ እረፍት ላይ ሆኖ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን የመሳት ስሜት፣ ትኩሳት፣ የሚፈስ ደም፣ የአንድ እግር ድንገተኛ እብጠትና ሕመም (የደም መርጋት ሊሆን ይችላል)፣ ሆድ ተነፍቶ ማስመለስና ሰገራም አየርም አልወጣ ማለት። ካንሰሩ አጥንት የደረሰባቸው ሰዎች ደግሞ አጥንታቸው በቀላሉ ሊሰበር ስለሚችል ያለ ባለሙያ ምክር ምንም እንዳይጀምሩ።

ለጠያቂዎችም አንድ ነገር ልበል። ጠያቂነታችን ትልቅ ሀብታችን ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ሙዝና ጁስ ይዘን መጥተን አልጋ ዙሪያ ሁለት ሰዓት ከምንቀመጥ፣ "ይነሱ እስኪ፣ እስከ በሩ እንሂድ" ብንልስ? በቀን አምስት ጠያቂ ቢመጣ አምስት ዙር ሆነ ማለት ነው። ወሬውም እዚያው መንገድ ላይ ይወራል።

በመጨረሻ ለሙያ አጋሮቼ። ቀጠሮ ካርዱ ላይ ቀን ብቻ ጽፈን ስንሸኝ ታማሚውን ለስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ያለ ሕክምና ለቀቅነው ማለት ነው። በየቦታው ፊዚዮቴራፒስት የለም፣ ወረፋው ብዙ ነው፣ እናውቃለን። አንድ መስመር ለመጻፍ ግን በጀት አይጠይቅም። እኔ አሁን ከቀኑ ሥር "በየቀኑ በእግር ይሂዱ" ብዬ በእጄ እጽፍበታለሁ። ከዚያም ልጃቸውን ጠርቼ "ይሄ መድኃኒት ነው፣ የምታስወስደው አንተ ነህ" እለዋለሁ።

ያቺ እናት ዛሬ ቤታቸው ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለክትትል ሲመጡ "ያኔ ምን ነበር ያደከመኝ?" ብለው ጠየቁኝ። "የኔ ምክር ነው እማማ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ካልከለከለ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልኩን አስቀምጡና "ተነሺ፣ ትንሽ እንሂድ" በሏት።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!